ደስታ በትእዛዝ ይመጣልን?

ባለፈው ዓመት፥ የገና ጾም በገባ በሳምንቱ፥ አንዲት የጎረቤት ልጅ መጽሐፍ ለመዋስ ወደ ቤቴ መጥታ ነበር። ዕድሜዋ 17 ዓመት ነው። እናቷ በክረምቱ ዐርፋ ስለ ነበር ልጅቱ ከጥቁር ልብስ አልወጣችም። የፈለገችውን መጽሐፍ ከሰጠኋት በኋላ ለመሄድ ተነሣችና በሩ ዘንድ ስትደርስ ቆመች፤ ከዚያም ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፥ «ጋሼ፥ ገና ሲመጣ በቤተ ክርስቲያን ደስ ይበላችሁ ይሉናል። እኔን ግን ዘንድሮ ደስ አይለኝም። ደስ ካላለኝ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ 38 ዓመት አስተምሬአለሁ። መምህር የሚመልሰው ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ ዐውቃለሁ፤ ጥያቄውን ያመሰግናል። እኔም «መልካም ጥያቄ ነው፥ ልጄ፤ አስቤበት እነግርሻለሁ» አልኋት። እርሷም እጅ ነስታ ሄደች። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በስንት የገና በዓል በልጆች ፊት ቆሜ ስለ ደስታ እንደ ተናገርሁ ቈጠርሁ፤ ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ለዚህች ልጅ የሚሆን አንድ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን የምጽፍልህ ያን ጊዜ መመለስ ያልቻልሁትን ነገር ቀስ ብዬ ለመመልከት ነው። የሚያስቸግረው ነገር ይህ ነው፤ ደስታ በትእዛዝ የሚመጣ ከሆነ ያዘነ ሰው ሁሉ ትእዛዝ አፍራሽ ሊባል ነው፤ በትእዛዝ የማይመጣ ከሆነ ደግሞ ደስ ይበላችሁ ማለት ምን ጥቅም አለው?

አማርኛ በማስተምርበት ጊዜ ለተማሪዎቼ አንድ ነገር አሳያቸው ነበር። በላሁ፥ ሄድሁ፥ ጻፍሁ ስንል አድራጊው እኔ ነኝ። ደስ አለኝ ስንል ግን አድራጊው እኔ አይደለሁም። ስሙ ያልተጠራ አንድ ነገር መጥቶ ደስ ብሎኛል፤ እኔ ተቀባይ ነኝ። ራበኝ፥ ጠማኝ፥ በረደኝ እንደምንለው ነው። ደስ አልሁ ብሎ የሚናገር ሰው አልሰማሁም። ሰውን ስናዝዝም ተነሥ፥ ጻፍ፥ ዝም በል እንለዋለን፤ ስለ ደስታ ሲሆን ግን ደስ ይበልህ እንላለን፤ ይህም ደስታው ወደ አንተ ይምጣ ማለት ነው። የሚታዘዘው ሰውየው ሳይሆን ደስታው ይመስላል።

እርግጥ ነው፥ ተደሰትሁ የሚል ቃልም አለን። ግዕዙም ተፈሥሑ ብሎ ፊት ለፊት ያዝዛል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው በግሪክኛ እንጂ በአማርኛ አይደለም። ስለዚህ ሰዋስውን ሃይማኖት ላደርገው አልፈልግም። ነገር ግን ቋንቋ በብዙ ዘመን የኖሩ ሰዎች ያዩትን ነገር በውስጡ ይዞ ይገኛል፤ አባቶቻችን ደስታን በእጅ የሚሠሩት ዕቃ አድርገው አላዩትም። ደግሞም ጳውሎስ ያን መልእክት የጻፈው እስር ቤት ሆኖ እንደ ነበር አትርሳ። እስረኛ ሰው ሌላውን ደስ ይበላችሁ ሲል በግ ታርዶለት፥ ጠላ ተጠምቆለት አይደለም።

ስለ በግና ስለ ጠላ ካነሣን ዘንድ፥ በዚህ ዘመን የገና ዝግጅት ማለት በአብዛኛው ገበያ መውጣት ሆኗል። የበጉን ዋጋ፥ የዶሮውን ዋጋ፥ የቅቤውን ዋጋ ስንቈጥር ወሩ ያልቃል። ተበድሮ በግ የገዛና እስከ ፋሲካ ዕዳ ሲከፍል የኖረ ሰው ዐውቃለሁ፤ ያ ሰው እኔው ነኝ። በዚህ ነገር ላይ ብዙ ቃል አላባክንም። መብላትና መጠጣት ኃጢአት አይደለም፤ ጎረቤትን ጠርቶ ማብላትም መልካም ነው። ነገር ግን ሆድ ሲጠግብ የሚሰማን ነገር ከማዕዱ ጋር ይነሣል፤ እኔ የምጠይቀው ማዕዱ ከተነሣ በኋላም ስለሚቀረው ነው።

እናቴ ለገና ጠላ የምትጠነስሰው በዓሉ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነበር። የሚሲዮን አስተማሪዎቻችን ስለ መጠጥ ክፉነት አጥብቀው ያስተምሩን ስለ ነበር እኔ በዚያ ሰሞን ከእናቴ ጓዳ ስወጣ አፍረት ይይዘኝ ነበር፤ አሁን ግን ከዚያ ጓዳ የተማርሁት ከብዙ ስብከት ይበልጥብኛል። እናቴ ጌሾና ብቅል ከማቅረቧ በፊት ጋኑን ትይዛለች። በመጀመሪያ ውስጡን በግራዋ ቅጠል ደጋግማ ታጥበዋለች። ከዚያ ደፍታ ታደርቀዋለች። ከዚያም የወይራ እንጨት አንድዳ ጋኑን በጢሱ ላይ ትደፋውና እስኪታጠን ትጠብቃለች። እኔ ልጅ ሆኜ ይህ ሁሉ ልፋት ለባዶ ዕቃ መሆኑ ይገርመኝ ነበር። አንድ ቀን ብጠይቃት፥ «ጠላውንስ ጋኑ ያውቅበታል፤ የኔ ሥራ ጋኑን ማጽዳት ነው» አለችኝ። የባለፈው ጠላ አተላ ጥቂት እንኳ ቢቀርበት አዲሱ ሁሉ ይሆመጥጣል፤ የሆመጠጠውንም ማር ጨምረህ አትመልሰውም።

እናቴ የገናን ጾም ሳታጓድል ትጾም ነበር። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ባድግም የእርሷን ጾም አልተውሁም፤ በዚህ ምክንያት ከሁለት ወገን ተግሣጽ ደርሶብኛል። ይህ ጾም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጾመ ነቢያት ይባላል። ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ የልደት በዓል በሚውልበት በታኅሣሥ 29 ቀን ይፈታል። ሊቃውንቱ 44 ቀን አድርገው ሲቈጥሩት 40ው ሙሴ በሲና ተራራ የጾመው ምሳሌ፥ 3ቱ የሶርያዊው የአቡነ አብርሃም ጾም፥ አንዱ ገሃድ ነው ይላሉ።

እነዚያ ሦስት ቀናት ዘወትር ያስደንቁኛል። አቡነ አብርሃም በ10ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ፓትርያርክ ነበረ። ትውፊቱ እንደሚለው የግብጹ ገዥ እምነት ተራራን ያንቀሳቅሳል የሚለውን ቃል አሳዩኝ፥ አለዚያ ወዮላችሁ ብሎ በክርስቲያኖቹ ላይ ተነሣባቸው፤ እነርሱም ሦስት ቀን ጾመው ጸለዩ። ተራራው ሙቀጠም ይባላል፤ በካይሮ አጠገብ ነው። ጸሎቱ የተሰማለት ሰው ስምዖን የሚባል አንድ ዓይና ጫማ ሰፊ ነበር ይባላል፤ ሌሊት ተነሥቶ ለደካሞችና ለበሽተኞች ውኃ የሚቀዳ ድኻ ነበር። እንግዲህ አስተውል። አባቶች የገናን ዝግጅት ሲሠሩ የደስታ ቀኖችን ብቻ ሰብስበው አልሠሩትም፤ ሕዝብ በፍርሃት የተንቀጠቀጠባቸውን ሦስት ቀኖችም ጨመሩበት።

የመጨረሻዎቹ ሳምንታትም ስም አላቸው። ከታኅሣሥ 7 ቀን ጀምሮ ያለው ስብከት፥ ከ14 ጀምሮ ያለው ብርሃን፥ ከ21 ጀምሮ ያለው ኖላዊ ይባላል። ስብከት ነቢያት ይመጣል ብለው መናገራቸው ነው፤ ያልመጣ ነገር እንጂ የመጣ ይመጣል አይባልም። ብርሃን በጨለማ የተቀመጠ ሰው ልመና ነው። ኖላዊ እረኛ ማለት ነው፤ እረኛ የሚፈልገውም የባዘነ በግ ነው። ሦስቱም የጎደለው ሰው ቃላት ናቸው። እኔ ይህን ያስተዋልሁት ከ60 ዓመቴ በኋላ ነው፤ ልጅ ሳለሁ የሦስቱን እሑዶች ስም በቃሌ ዐውቅ ነበር፥ ነገር ግን ሦስቱም ለቅሶ ያለባቸው መሆናቸውን የነገረኝ የለም። ሰው በእነዚያ ሳምንታት ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ደስ ብሎኛል እንዲል አይጠየቅም። የጎደለውን እንዲናገር ይጠየቃል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤታችን ደግሞ ሌላ ልማድ ነበረ። አንዲት ጀርመናዊት መምህርት ከጥድ ቅጠል ክብ ጕንጕን ትሠራና በላዩ አራት ሻማ ታቆም ነበር። በመጀመሪያው እሑድ አንዱ ይበራል፤ በሁለተኛው ሁለቱ፤ እንዲህ እያለ አራቱም ሲበሩ በዓሉ ይደርሳል። የእነርሱ ገና ታኅሣሥ 16 ቀን፥ የእኛ ከ13 ቀን በኋላ ስለሚውል፥ እኛ ልጆች ሁለት ገና እናከብር ነበር፤ በሁለቱም ዳቦ ስለምናገኝ የትኛው አቆጣጠር ትክክል ነው ብለን አልተከራከርንም። ከአደግሁ በኋላ የዚህን ልማድ ታሪክ አነበብሁ። ዮሐን ሂንሪክ ቪኸርን የሚባል የወንጌል ሰባኪ በሐምቡርግ ከተማ አጠገብ ለድኻና ጠባቂ ላጡ ልጆች ቤት ከፍቶ ነበር። ልጆቹ በየቀኑ ገና መቼ ነው እያሉ ቢያስቸግሩት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ዓመት፥ የጋሪ መንኰራኵር ወስዶ ለእሑዶቹ ትልልቅ፥ ለሌሎቹ ቀኖች ትንንሽ ሻማ ተከለበትና በየቀኑ አንድ አንድ ያበራ ጀመር።

ይህ ሰው ያደረገውን ተመልከት። ለእነዚያ ልጆች ቀኑን ሊያቀርብላቸው አይችልም። ያደረገው ነገር መጠበቂያቸውን የሚታይ ማድረግ ብቻ ነው። ሻማው ገናን አያመጣውም፤ ነገር ግን የሚጠብቀውን ልጅ ዓይን ወደሚመጣው ነገር ያዞረዋል።

እዚያው ጀርመን አገር፥ ከ100 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ ዲትሪኽ ቦንሆፈር የሚባል ቄስ ሂትለርን ስለ ተቃወመ በርሊን ከተማ ቴግል በሚባል እስር ቤት ተዘግቶበት ነበር። በ1943 በኅዳር ወር ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የእስር ቤት ክፍል ለገና መጠበቂያ ሰሞን ጥሩ ምሳሌ መሆኑን ገልጾለታል፤ እስረኛ ጥቂት ጥቂት ነገር እየሠራ ተስፋ ያደርጋል፥ በሩ ግን የሚከፈተው ከውጭ ነው የሚል ሐሳብ ነው። ቦንሆፈር በሚያዝያ 1945፥ ጦርነቱ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው፥ ተሰቀለ። በሩ አልተከፈተለትም ትለኝ ይሆናል። እኔም በዚህ ላይ ቶሎ መልስ ለመስጠት አልደፍርም። ያን ነገር የጻፈው ግን በሩ እንደሚከፈትለት እርግጠኛ ሆኖ አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ቃሉን እንዲህ አላከብረውም ነበር።

ለመጠበቅ የሚደክሙ ሰዎችን ለማየት ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። ላሊበላ ለገና የሚሄዱትን ምዕመናን ተመልከት። ከሩቅ አገር በእግራቸው ብዙ ቀን ተጕዘው የሚመጡ አሉ፤ ስንቃቸውን በአቁማዳ ተሸክመው፥ ነጠላቸው አቧራ ጠግቦ ይደርሳሉ። የከተማይቱም ሰዎች ወጥተው የእንግዶቹን እግር ያጥባሉ። በልደት ዕለት ማለዳ ካህናቱ በቤተ ማርያም አጠገብ ባለው ዐለት ላይ ቆመው፥ ሌሎቹ ከታች ሆነው፥ ቤዛ ኵሉ የሚባለውን መዝሙር ሲቀባበሉ ሕዝቡ ከዐለቱ አፋፍ ላይ ተሰልፎ ይሰማል። እኔ አንድ ጊዜ፥ በ1999 ዓ.ም.፥ ሄጃለሁ። የሄድሁት በአውቶቡስ ነው። ከእኔ ጎን አንዲት ባልቴት ቆማ ነበር፤ ስንት ቀን እንደ ተጓዘች ብጠይቃት፥ «አልቈጠርሁትም፥ ልጄ» አለችኝ። መዝሙሩ ሲጀመር አለቀሰች። እኔ ደግሞ በደንብ የሚታይበት ቦታ ፍለጋ ስጋፋ ነበር። መዝሙሩን ሁለታችንም ሰምተናል፤ የሰማነው ግን አንድ ነገር አይመስለኝም። እርሷ በየመንገዱ የጣለችው ነገር ነበረ፤ እኔ ሁሉንም ይዤ ነው የደረስሁት።

አሁን ልናገር ወደማልወድደው ነገር ደረስሁ። ነገር ግን ስለ ጋን ማጽዳት ለሌላው እየጻፍሁ የራሴን ጋን ደፍቼ ብቀመጥ አግባብ አይሆንም።

በ1985 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ አስተማሪ ነበርሁ። በሥራ ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት፥ እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ለልጆች አስተምር ነበር። ለገና ዋዜማ ልጆቹ የልደትን ታሪክ በተውኔት ሊያሳዩ ተዘጋጅተው፥ ለሻማና ጧሪ ለሌላቸው አሮጊቶች ዳቦ መግዣ 46 ብር አዋጥተው ነበር። ገንዘቡን በፖስታ አድርጌ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርሁት። ታኅሣሥ 11 ቀን እሑድ ትምህርት ሲያልቅ ፖስታውን ብፈልግ አጣሁት። ከልጆቹ መካከል ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ፥ ከእናቱ ቤት በሚያመጣው ስንቅ የሚኖር አንድ ልጅ ነበረ። ዕድሜው 14 ዓመት ያህል ይሆናል፤ ሱሪው ጕልበቱ ላይ የተጣፈ ነበር። ሻማ መቅረዙን ሊያነሣ ወደ ጠረጴዛዬ ቀርቦ እንደ ነበር አስታወስሁ። በልጆቹ ሁሉ ፊት አቆምሁትና፥ «በጌታ ልደት ገንዘብ ላይ እጁን የሚዘረጋ ሌባ በዚህ ቤት ቦታ የለውም» አልሁት። ልጁ አንዲት ቃል አልተናገረም። ተመልክቶኝ ወጣ። በማግሥቱ ከትምህርት ቤትም ቀረ፤ ወደ አገሩ ሄዷል አሉኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፥ ታኅሣሥ 25 ቀን ማታ፥ የልጆቹን ስም መጥሪያ መዝገብ ስከፍት ፖስታውን አገኘሁት። እኔው ራሴ መዝገቡን በወፍራም ወረቀት ለብጄው ነበርና በልባሱና በሽፋኑ መካከል ሾልኮ ገብቷል። 46ቱ ብር አንድ ሳይጎድል ነበረ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ያን ሌሊት ያሰብሁትን አልደብቅህም። በመጀመሪያ ደስ ያለኝ መሰለኝ፤ ገንዘቡ ተገኝቷልና። ከዚያ ልጁ ትዝ አለኝ። ከዚያም ልቤ ብልሃት መሥራት ጀመረ። በዓሉን ላለማበላሸት ከገና በኋላ እናገራለሁ፤ ልጁም ከበዓል በኋላ መመለሱ አይቀርም፤ ቀስ ብዬ ለብቻው አባብለዋለሁ፤ መምህር በተማሪዎቹ ፊት ክብሩን ቢያጣ ትምህርቱም ይጎዳል እያልሁ። ይህ ሁሉ አሳብ መልካም ቃል የለበሰ ነበር። በማግሥቱ ተውኔቱን አለማመድሁ፤ መላእክት የሆኑት ሕፃናት ነጭ ነጠላ ለብሰው ታላቅ ደስታን እናበሥራለን ሲሉ እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አይ ነበር።

ታኅሣሥ 27 ቀን ጧት ተነሥቼ ወደ ልጁ አገር በእግሬ ሄድሁ። ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። የመውቂያ ወራት ስለ ነበር ልጁን ያገኘሁት ከአባቱ ጋር አውድማ ላይ በሬዎች ሲነዳ ነው። ገለባው ፊቱን አልብሶት ነበር። አባቱ የመጣሁት ልጁን ለመክሰስ መስሎት ዱላውን ጨብጦ ቆመ። እኔም የሆነውን ሁሉ ተናገርሁና ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። ልጁ አሁንም ዝም አለ። አባቱ ግን፥ «መምህር፥ ሌባ ያሉት በሰው ፊት ነው፤ አይደለም ያሉት ግን በበሬ ፊት ነው» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። በዋዜማው ማታ፥ ተውኔቱ ከመጀመሩ በፊት፥ ወላጆችና ልጆች በተሰበሰቡበት ቆሜ ተናገርሁ። ጕሮሮዬ ደርቆ ነበር። የተናገርሁት ከስድስት ቃል አይበልጥም ይመስለኛል፤ ልጁ ሌባ አይደለም፥ ያጠፋሁ እኔ ነኝ አልሁ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ቀና ስል ልጁ ከአባቱ ጋር በሩ አጠገብ ቆሟል። ተውኔቱን አይቶ ከአባቱ ጋር በጨለማ ሄደ፤ አላነጋገረኝም።

ከዚያ በኋላ ሻማዎቹን ሳጠፋ፥ ክፍሉን ስጠርግ፥ ብቻዬን ሳለሁ፥ ደስ አለኝ። ሌላ ቃል የለኝም። ፈልጌው አልነበረም፤ ቢጠይቁኝም አይገባኝም እል ነበር። ኀፍረቴ አልጠፋም፤ ከኀፍረቴ ጋር አብሮ ተቀመጠ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ገና አክብሬአለሁ፤ እንደዚያ ያለ ደስታ ግን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያገኘሁት፤ በአንዱም ጊዜ በራሴ ጥበብ የመጣ አልነበረም።

ልጁ ከበዓሉ በኋላ ወደ ትምህርት ተመለሰ፤ ነገር ግን የዓመቱን መጨረሻ ሳይጠብቅ አቋረጠ። ለምን እንዳቋረጠ አላወቅሁም። ድህነት ይሆናል፤ እኔም እሆናለሁ።

ያለፈው ዓመት ገና ዋዜማ ላይ ወደዚያች ልጅ ቤት ሄድሁ። መልስ ልትቀበል እንድትመጣ መጠበቅ ትክክል አይደለም ብዬ ነው፤ ማርያምም ኤልሳቤጥን ለማየት ወደ ተራራማው አገር በፍጥነት ወጣች እንጂ ኤልሳቤጥ ትምጣ አላለችም፤ በወንጌል ሉቃስ ላይ ጽንሱ በደስታ የዘለለው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቱ ነጠላዋን አጣፍታ፥ ዱቄት እስከ ክርኗ ነክቷት፥ ድፎ ስትጋግር አገኘኋት። ትንሽ ወንድሟ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። «ለእርሱ ብዬ ነው፥ ጋሼ፤ ዳቦ የሌለበት ገና አያውቅም» አለችኝ፥ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ሆና።

እኔም ተቀምጬ ከላይ የጻፍሁትን አሳጥሬ ነገርኋት። ደስ አለማለቷ ኃጢአት አይደለም አልኋት። ደስታ የእርሷ ሥራ እንዳልሆነ፥ የእርሷ ሥራ ጋኑን ማጽዳት ብቻ እንደ ሆነ፥ የእናቷም ናፍቆት አተላ እንዳይመስላት፥ አተላ የሚባለው እኔ በዚያ መዝገብ ውስጥ ደብቄ ላሳድረው ያሰብሁት ዓይነት ነገር እንደ ሆነ ነገርኋት። የጎደላትን የምታውቅ ሰው ከብዙዎቻችን ይልቅ ለበዓሉ የቀረበች ናት አልኋት። የዚያንም ልጅ ታሪክ ነገርኋት፤ ከባለቤቴ በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

እርሷ እጇን እያሸች ታዳምጠኝ ነበር። ስጨርስ ጥቂት አሰበችና፥ «ልጁስ፥ ጋሼ? እርሱንስ ደስ አለው?» አለችኝ።

በ32 ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ስለ እኔ ደስታ፥ ከየት እንደ መጣ፥ እንዴት እንደ መጣ ብዙ አስቤአለሁ፤ በጨለማ መንገድ ከአባቱ ኋላ ስለ ሄደው ልጅ ግን በደንብ አላሰብሁም። «አላውቅም፥ ልጄ» አልኋት። ይህን ጊዜ ጥያቄዋን አላመሰገንሁም።

እርሷም ሌላ አልጠየቀችኝም። ዳቦውን ከምጣዱ አውጥታ ከሁለት ቈረሰችውና እኩሌታውን በኮባው ጠቅልላ፥ ከታች ቤት ለሚኖሩት አሮጊት እንዳደርስላት ሰጠችኝ፤ እናቷ በየዓመቱ ትልክላቸው ነበርና። ዳቦው ስለሚያቃጥል ከአንዱ ክንዴ ወደ ሌላው እያዛወርሁ ወረድሁ።